ስም የሌለው በርበሬ

ናዝሬት፣ ጥቅምት 14 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእህቴ ለተሻለች፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? ባለቤትሽ ነጋሳስ? ልጅሽ ፀሐይቱስ? እኔ ከጉልበቴ ሕመም በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። መልስ በማዘግየቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ ነው፤ ግን አልበረደም።

«ዕቃው ደረሰሽ ወይ?» ብለሽ ለጠየቅሽኝ፣ አዎ ደርሶኛል። ወደ መቂ የላክሁልሽ የበርበሬ ከረጢት አንዱም ሳይፈታ፣ በሾፌሩ በጆቴ መኪና ተመልሶ መጥቷል። ጆቴ ጆንያውን ሲያወርድ ጎረቤቶቼ በየበራቸው ቆመው ያዩ ነበር። «ምን ሆኖ ነው የተመለሰው?» ያላለኝ የለም።

የእናታችን የበላይነሽ ስም ከረጢቱ ላይ ከታተመ ጀምሮ ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ አንድ ባለሱቅ መልሶልን አያውቅም። ሰው ሱቅ ገብቶ «በርበሬ ስጪኝ» አይልም፤ «በላይነሽን ስጪኝ» ነው የሚለው። እሷ ካረፈችም በኋላ እንዲያው ነው። አሁን የመለሰችው የገዛ ልጇ ሆነች።

ሱቅሽን ለኅብረት ሱቁ አስረክበሽ እዚያው ሻጭ ሆነሽ ስትቀጠሪ አንድ ቃል አልተናገርኩሽም። ጊዜው ነው ብዬ አለፍኩት። ነገር ግን የእናትሽ በርበሬ ከመደርደሪያ የወረደበትን ምክንያት «ኮሚቴው ወስኗል» በሚል በአንድ መስመር ልትገላገይኝ አትችይም። ኮሚቴው ሲወስን አንቺ የት ነበርሽ? አፍ አልነበረሽም?

በቶሎ ጻፊልኝ።

እህትሽ ሸዋወርቅ

*

መቂ፣ ጥቅምት 29 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋዬ፣

እንደምን አለሽ? ጉልበትሽን በሞቀ ጨው እያሸሽ ያዢው። እኛ ደህና ነን። ፀሐይቱ እጅ ትነሳለች።

አፍ ነበረኝ። ተናግሬበታለሁም። ያበላሸሁትም በመናገሬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኮሚቴው ሱቁ የራሱን በርበሬ ያስፈጭና ይሽጥ አለ። አስፈጩት። በቡናማ ወረቀት ተቋጥሮ መጣ፤ ስም የለው፣ ምልክት የለው። ዋጋው የእኛን ግማሽ ነው። ታዲያ ዛላው ከነጭራውና ከነፍሬው ተፈጭቶ፣ እርጥበት እርጥበት ይሸታል። የፖሊሱን ሚስት አሰለፈችን ታውቂያት የለ? አንድ ጊዜ አሸተተችውና ጣቷን በነጠላዋ ጠርጋ፣

«ይህን ለማን ነው ያመጣችሁት? በላይነሽን አውጪልኝ» አለችኝ።

ሌሎቹም እሷን ተከትለው «በላይነሽን፣ በላይነሽን» አሉ። የኅብረቱ በርበሬ እንደተቆለለ ቀረ። ይኼኔ ሊቀ መንበሩ ጓድ ጉተማ መጥቶ፣ «ሕዝቡ የለመደው ስም ነው እንጂ በርበሬ አይደለም። ስሙን ከፊቱ አንሡለት» አለ። እኔም ብድግ ብዬ «በላይነሽ ስም ብቻ አይደለችም፤ እናቴ ናት፤ በርበሬውም ጥሩ ስለሆነ ነው ሰው የሚወደው» አልኩ። ጉተማ ዞር ብሎ አየኝና፣ «ለካ የግል ጥቅም አለሽበት» አለኝ። ይህች ቃል ዛሬ የት እንደምታደርስ አንቺም ታውቂያለሽ። ከረጢቱን ባልመልሰው ኖሮ ከበርበሬው በፊት እኔ ነበርኩ የምወጣው።

ይህን በደብዳቤ ልጽፈው አልፈለግሁም ነበር፤ ለዚያ ነው በአንድ መስመር ያለፍኩት። አሁን ሌላ ሥራ ሰጥተውኛል። ምን እንደሆነ ሲያልቅ እነግርሻለሁ።

እህትሽ ተሻለች

*

ናዝሬት፣ ኅዳር 12 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተሻለች፣

እንደምን ነሽ? ሥራሽ አልቆ እስክትነግሪኝ መጠበቅ አላስፈለገኝም፤ ጆቴ ነገረኝ።

መቂ ምግብ ቤት ገብቶ ምስር ወጥ በላ። «እትዬ ሸዋወርቅ፣ በርበሬሽ ተመልሶ ወደ መቂ ገብቷል ማለት ነው» አለኝ። አልገባም አልኩት። «በላሁት እኮ፣ ቀለሙም ጣዕሙም የራስሽ ነው» ብሎ ማለ። እንግዲያው በሚቀጥለው ስትመለስ ያንን በርበሬ አምጣልኝ አልኩት። በቡናማ ወረቀት አምጥቶ ሰጠኝ።

ጥቂት ቆንጥሬ ምላሴ ላይ አደረግሁ። እናቴ ከመቃብር የተነሣች መሰለኝ። ኮረሪማው ሳይቆላ፣ መጨረሻ ላይ ነው የገባው። በሶብላው በዝቷል። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከዛላው ጋር አብሮ ተደልዟል። ይህን ከነመጠኑ የምናውቅ በሕይወት ያለን ሁለት ሰዎች ነን። አንደኛዋ እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ለማንም አልተናገርኩም።

ምን ያህል ሰጡሽ ብዬ አልጠይቅሽም። ምንም እንዳልሰጡሽ አውቃለሁ። በነጻ መስጠትሽ ነው ያንገበገበኝ። ብትሸጪው ኖሮ ቢያንስ ዋጋ እንዳለው ታውቂያለሽ እል ነበር።

አንድ ጥያቄ ብቻ መልሺልኝ። ከዚህ በኋላ ትተዪዋለሽ ወይስ አትተዪም?

ሸዋወርቅ

*

መቂ፣ ኅዳር 26 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋወርቅ፣

አልተወውም።

ሰላምታ ያስቀረሁት ስድብሽን ካነበብኩ በኋላ ሰላም ልልሽ ስላልወደድኩ ነው።

የእናታችን ሙያ የአንቺ ብቻ የሆነው መቼ ነው? አንቺ አለማየሁን አግብተሽ ናዝሬት የራስሽን ቤት ይዘሽ ስትኖሪ፣ ሙቀጫው ፊት እኔና እናቴ ነበርን። ዓይኔ እያለቀሰ፣ እጄ እስከ ክርኔ እየነደደ የደለዝኩት እኔ ነኝ። አንቺ ያመጣሽው ማኅተሙን ነው። የታተመውን ከረጢት ስታሳዪያት እናታችን ምን እንዳለችሽ ረሳሽው? ማንበብ አትችልምና «ምን ይላል?» አለችሽ። «ስምሽን ነው» ስትዪያት ደግሞ፣ «ስሜ በርበሬ ላይ ምን ይሠራል?» ብላ ሳቀች። እኔ እዚያው ነበርኩ።

ጓድ ጉተማ ጠርቶኝ «በርበሬው አልሸጥ ብሏል፤ ጥሩ ማድረግ የምትችይ ከሆነ አድርጊው፤ የማትችይ ከሆነ ደግሞ ሆን ብለሽ እንዳበላሸሽው እንቆጥረዋለን» አለኝ። ምን እንድል ነበር የፈለግሽው? እችላለሁ አልኩ፤ ስለምችልም አደረግሁት። ዛላውን ከማረቆ አስመጣሁ፣ ሴቶች ሰብስቤ አስቀነጠስኩ፣ ቅመሙን በእጄ ቆላሁ።

ስለ ስም ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት ወጥ የሠራሁት እኔ ነበርኩ። አሰለፈች በልታ በልታ፣

«ተሻሉ፣ ከየት አገኘሽው? ደብቀሽ አስቀምጠሽ ነበር ማለት ነው፤ ይህ እኮ በላይነሽ ነው» አለችኝ።

«የኅብረቱ ነው» አልኳት።

እንጀራዋን ትታ ተነሣች። በማግስቱ አሁንም ሱቅ መጥታ በላይነሽን ጠየቀችኝ! ለሰው የሚጣፍጠው ወረቀቱ ከሆነ እኔ ምን ላድርገው?

ግን ሁሉም እንደ አሰለፈች አይደለም። ሽንኩርት እርሻ ላይ ሲለቅሙ የሚውሉት ሴቶች አሁን ሩብ ኪሎ ገዝተው በመቀነታቸው ይዘው ይሄዳሉ። እነዚህ ሴቶች የእናቴን በርበሬ እስከ ዛሬ የሚያውቁት በስሙ ነበር እንጂ ቀምሰውት አያውቁም። ይህ ለምን ያንገበግብሻል?

ለፀሐይቱ ሽማግሌ ተልኮልናል። የልጁ ቤተሰቦች የአለም ጤና ከተማ ሰዎች ናቸው፤ ጨዋ ናቸው። ከጥምቀት በኋላ መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ። እናቴ በሌለችበት የእናት ወገን አንቺ ነሽና እንድትገኚ እፈልጋለሁ። ይህን የምጠይቅሽ ለእሷ ብዬ ነው።

ተሻለች

*

ናዝሬት፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተሻለች፣

ደብዳቤሽ ደርሶኝ አነበብኩት። እናታችን ስሟን አይታ የሳቀችው ደስ ብሏት ነው። አንቺ ግን ልጅ ስለነበርሽ አልገባሽም።

ማኅተሙን ብቻ እንዳመጣሁ አድርገሽ ጽፈሻል። ማኅተሙ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ባለሱቅ ሸክላ ወይም አሮጌ በርበሬ ቀላቅሎ «የበላይነሽ ነው» እንዳይል ነው። አንድ ሰው ሻሸመኔ ላይ ገዝቶ ቢያመው የሚያውቀው አድራሻ እንዲኖረው ነው። የእኔ ከረጢት ቢበላሽ ሰው እኔን ይጠይቃል። የእናንተ ቢበላሽ ማንን ነው የሚጠይቀው? ኮሚቴውን?

ስለዚህ አዲስ ከረጢት አሳትሜአለሁ። ከስሟ በታች «ከሚመሳሰሉት ተጠንቀቁ» ይላል። ማንን ማለቴ እንደሆነ የሚገባው ይገባዋል።

በጆቴ ልከሽ ስለ ዘርፉ ለጠየቅሽኝ፣ ዘርፉ ሠራተኛዬ ናት። ገበያ ለገበያ እየዞረች ትሸጥልኛለች። ኅብረት ሱቁ መደርደሪያውን ቢከለክለኝ የመቂን ገበያ ሊከለክለኝ አይችልም። እዚያ የምትመጣው ለሥራዋ ነው፤ ከዚህ ሌላ የምነግርሽ የለኝም።

ለፀሐይቱ ቀን እመጣለሁ። ለእሷ የገዛሁት ጥበብ አለ። አንቺን ግን ባላናግርሽ ቅር አይበልሽ።

ለነጋሳ ሰላምታዬን ንገሪልኝ። እንኳን ለብርሃነ ልደቱ አደረሳችሁ።

ሸዋወርቅ

*

መቂ፣ ጥር 8 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሸዋወርቅ፣ ናዝሬት

ለጤናዎ እንደምን አሉ?

በገበያ ቀን ዘርፉ አውቶቡስ መቆሚያው አጠገብ ሁለት ነጭ ሳህን ውኃ አስቀምጣ ሰው ሰበሰበች። በአንዱ የእርስዎን በርበሬ በተነች፣ በሌላው የኅብረቱን። የኅብረቱ ወደ ታች ሲዘቅጥ ጣቷን ወደ ሳህኑ ቀስራ «እዩት፣ ሸክላ ነው! የተፈጨ ጡብ እያበሏችሁ ነው!» ብላ ጮኸች። የእርስዎስ አልዘቀጠም? ማንኛውም በርበሬ ውኃ ውስጥ ሲቆይ ይዘቅጣል። የእርስዎን ሳህን ግን ቶሎ ብላ ደፋችው። ይህን ያዩት የነጋሳ ወንድም ናቸው።

በዚያው ሳምንት ሽንኩርት እርሻው ላይ የአንዲት ሴት ልጅ በሆድ ሕመም ወደቀ። ከወንዝ በተቀዳ ውኃ ስንት ልጅ እንደሚታመም እዚህ ሁሉ ሰው ያውቃል። እናትየው ግን የሱቃችንን ወረቀት ይዛ መጥታ በራችን ላይ ጮኸች። «ጡብ አበላችሁብኝ!» እያለች ደረቷን ስትመታ ቆሜ አየኋት። ልጁ አሁን ተሽሎታል። ወሬው ግን አልተሻለውም። ሰው ሁሉ የገዛውን በርበሬ እያመጣ በራችን ላይ ይደፋዋል፤ መንገዱ ቀይ ሆኗል።

ሱቁ ታሽጓል። ጓድ ጉተማ ትናንት ስብሰባ ላይ «ማን አስፈጨው?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «እህቷ የግል በርበሬ ትሸጣለች፤ የሕዝቡን በርበሬ አበላሽታ የእህቷን ለማስገባት ነው» ያለም ተገኘ። ይህ አሻጥር ይባላል። አሻጥረኛ ምን እንደሚደረግ እርስዎ አያጡትም።

አንድ ጥያቄ አለኝ፤ በአንድ ቃል ይመልሱልኝ። ዘርፉን እንዲህ በይ ብለው የላኳት እርስዎ ነዎት?

ተሻለች

*

ናዝሬት፣ ጥር 16 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተሻለች፣

«እርስዎ» ብለሽኛል። በልጅነትሽ እንኳ ያላልሽኝን። ይሁን።

ጥምቀት ላይ ጉልበቴ ተነሥቶብኝ ታቦቱን እንኳ በር ላይ ቆሜ ነው የሸኘሁት። መልሴ የዘገየው በዚህ ነው።

ዘርፉ አንደበቷ ረዥም ነው። ገበያ ላይ የቆመች ሴት ዕቃዋን ለመሸጥ ብዙ ትላለች፤ ሁሉንም እኔ አልሰማም። ሥራሽን ጥሩ አድርገሽ ሠርተሽ ከሆነ የምትፈሪው ነገር የለም። ስም የሌለው ነገር ሲሸጥ እንዲህ ዓይነት ነገር እንደሚመጣ ነግሬሽ ነበር።

ሽማግሌዎቹ የሚመጡበትን ቀን ጻፊልኝ።

ሸዋወርቅ

*

መቂ፣ ጥር 28 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋወርቅ፣

አካም ጅርቱ? እንደምን አሉ? እኔ ነጋሳ ነኝ። አማርኛ ስጽፍ እንደማልችልበት ያውቃሉ፤ ስህተት ቢኖር ይለፉኝ። የሰሞኑ ደብዳቤዎ የመጣው ለተሻለች ቢሆንም እሷ ቤት ስለሌለች የከፈትኩት እኔ ነኝ።

ተሻለች ታስራለች። የወሰዷት ከቤት ነው፤ ሊጥ በእጇ ላይ እንዳለ። አሁን ያለችው በቀበሌው ነው። ምግብ በር ላይ ይቀበሉኛል፤ ፊቷን ግን አላሳዩኝም። ትናንት የመለሱልኝ ሳህን አልተነካም። ከእሷ በፊት እዚያ ገብተው ወደ ሌላ ቦታ የተወሰዱ ሰዎች አሉ። የት እንዳሉ የሚነግረን የለም።

የሽማግሌዎቹን ቀን ጠይቀዋል። ቀን የለም። ሰዎቹ መልእክት ልከዋል። «ነገሩ እስኪጣራ እንቆይ» ብለዋል። ፀሐይቱ መልእክቱን በራሷ ጆሮ ሰማች፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ አትናገርም።

እኔ በርበሬ አላውቅም፤ የኅብረቱም የበላይነሽም ለእኔ አንድ ነው። አንድ ነገር ግን አውቃለሁ። ተሻለች በገዛ እጇ የሰው ምግብ ውስጥ ጡብ የምትከት ሴት አይደለችም። እርስዎም ያውቃሉ። የሚያውቅ ሰው ዝም ሲል ምን እንደሚባል በእናንተ ቋንቋ አላውቅም፤ በእኛ ግን ስም አለው። ለታላቅ እህት አይባልምና አልጽፈውም።

የፊታችን ሳምንት ሐሙስ ስብሰባ ይደረጋል፤ ጉዳይዋ ወደ ላይ ይተላለፍ ወይስ እዚሁ ትለቀቅ የሚባልበት ነው።

ነጋሳ

*

ናዝሬት፣ የካቲት 3 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለነጋሳ፣

ደብዳቤህ ዛሬ ደረሰኝ።

ሐሙስ በጧቱ አውቶቡስ እመጣለሁ። አውቶቡሱ ጋ አትምጣ፤ ከአንተ ጋር ብታይ ለእሷም ለአንተም አይበጅም። ስብሰባው የሚደረግበትን አዳራሽ ጠይቄ አገኘዋለሁ። ምን እንደምል አትጠይቀኝ፤ እኔም ገና አላወቅሁትም።

ለፀሐይቱ ምንም አትንገራት።

ሸዋወርቅ

*

መቂ፣ የካቲት 24 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ሸዋወርቅ፣

ጾሙን በሰላም ያስፈጽምዎ።

«ተፈታሽ ወይ?» ብለው በጆቴ አፍ ለጠየቁኝ፣ አዎ ተፈትቻለሁ። ለመጻፍ የዘገየሁት እግሬ አብጦ ስለተኛሁ ነው። ታስሬ ስለነበርኩበት ቤት የጠየቁኝን ግን አልመልስም። ለነጋሳም አልነገርኩትም።

ስብሰባው ላይ ያደረጉትን ነጋሳ ነግሮኛል፤ አዳራሹ ውስጥ የነበሩ ሴቶችም ነግረውኛል። ሁሉም የሚናገረው አንድ ዓይነት ነው።

ነጠላዎን አጣፍተው፣ እያነከሱ በመሐል አልፈው ከጓድ ጉተማ ጠረጴዛ ፊት ቆሙ አሉ። «እርስዎ ማን ነዎት?» ቢልዎ፣ «የበላይነሽ ልጅ ነኝ፤ ከረጢቱ ላይ ያለችው የበላይነሽ» አሉት። አዳራሹ ተንጫጫ። ከዚያ ማንኪያ ጠየቁ። የታሸገው ጆንያ ተፈትቶ ከመሐሉ ተዘግኖ መጣ። አንድ ማንኪያ ሙሉ ደረቅ በርበሬ አፍዎ ውስጥ ጨመሩ። እንባዎ እየወረደ፣ ውኃ ሲሰጥዎ በእጅዎ እየመለሱ፣ አላምጠው ዋጡት አሉ።

«ሸክላ የለበትም» አሉ። «የእናቴ በርበሬ ነው። እኔ ናዝሬት ከምሸጠው አይለይም።»

ጉተማም፣ «አይለይም ካሉ ታዲያ ሰው ለምን የእርስዎን በእጥፍ ይገዛል?» አለዎት።

«ስም ስላለው» አሉት።

አሰለፈች ከኋላ «ወይኔ ጉዴ!» ብላ ጮኸች አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ። በዚያ ቤት ሲሳቅ ስሰማ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ነበርኩ፤ በምን እንደሚሳቅ አላወቅሁም። ሊገድሉኝ ተስማምተው መስሎኝ ነበር።

ከዚያ ጉተማ «ወሬውንስ ማን አመጣው?» ብሎ ጠየቀዎት። እርስዎም «የገበያ ወሬ ነው፤ የገበያ ወሬ ባለቤት የለውም» አሉት።

እዚህ ላይ ነው እኔ የምጽፈው። ባለቤት አለው። እኔንም ሲመረምሩኝ ይህንኑ ነበር የሚጠይቁኝ። አንድ ቀን አይደለም፣ ሁለት ቀን አይደለም። «ማን ነው ያስወራብሽ? ስሙን ንገሪንና ውጪ» ነበር ያሉኝ። ስምዎን አፌ ላይ ይዤው ነበር። ብናገረው የዚያኑ ዕለት እወጣና እርስዎ ይገቡ ነበር። «አላውቅም» አልኩ። ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ስለወደድኩዎት እንዳይመስልዎ።

እርስዎ በርበሬውን በመብላትዎ እኔ ተፈታሁ፤ እኔ ባለመናገሬ እርስዎ አልታሰሩም። ተከፋፍለናል። ከዚህ በላይ አንዳችን ከአንዳችን የምንፈልገው የለም።

ሱቁ ተከፍቷል። እኔ ግን ሰው ፊት እንዳልቆም ተደርጌ ከጓሮ ቅመም እቆላለሁ።

ተሻለች

*

ናዝሬት፣ መጋቢት 15 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለተሻለች፣

እግርሽ እንዴት ሆነልሽ? በጆቴ የላክሁልሽን ቅባት ሳትከፍቺ እንደመለስሽው አይቻለሁ።

የጠየቅሽኝን ጥያቄ ያኔ በአንድ ቃል አልመለስኩም። አሁንም አልጽፈውም፤ ደብዳቤ በስንት እጅ እንደሚያልፍ ታውቂያለሽ። መልሱን ግን አግኝተሽዋል። ዘርፉን አሰናብቻታለሁ። ስትሄድ «እርስዎ ያሉኝን ነው ያደረግሁት» ብላ ሰድባኝ ሄደች።

ስለ ሥራዬ አልጠየቅሽኝም። ምን ያህል ደስ እንደሚልሽ አላውቅም፣ ግን ልንገርሽ። አዳራሽ ውስጥ ያልኩት ከእኔ ቀድሞ ናዝሬት ገባ። ደንበኞቼ «እህትሽ ዘንድ በግማሽ ዋጋ የሚሸጠው አንድ ዓይነት ነው አሉ» እያሉ ፊቴ ላይ ይስቃሉ። የሻሸመኔ ባለሱቆች ከረጢቴን መልሰውልኛል። የሞጆዎቹም እንዲሁ። አሁንም ከእኔ የሚገዙ አሉ፤ አሮጊቶች ናቸው፤ ለእናታችን ብለው ነው።

ትናንት ደግሞ ከእኛ ቀበሌ ሰዎች መጡ። ለሱቃቸው በርበሬ እንዳስፈጭላቸው ይፈልጋሉ። ያለ ስም፣ በቡናማ ወረቀት። አስብበታለሁ አልኳቸው። ምን እንደምትይኝ አውቃለሁና አትበዪኝ።

ያን ማንኪያ በርበሬ ስውጥ ምን እንደተሰማኝ ልንገርሽ። ማቃጠሉ አይደለም። ጥሩ ነበር፤ ከእኔ ይሻላል። እኔ ከሦስት ዓመት ወዲህ በሶብላው ስለተወደደ ቀንሼ ነበር፤ ሰው ስሙን አይቶ ስለሚገዛ ያወቀብኝ አልነበረም። አንቺ አልቀነስሽም። እዚያ ቆሜ ይህን ማንም እንዳያውቅብኝ ፈለግሁ፤ ለዚህ ነው «አይለይም» ያልኩት። ይለያል።

ይህን የጻፍኩልሽ እንድትታረቂኝ አይደለም። በእኔ ቂም ይዘሻል፤ እኔም በአንቺ ይዣለሁ። የእናቴን እጅ ለማያውቃት ኮሚቴ የሰጠሽው አንቺ ነሽ። ይህ ከልቤ አልወጣም።

የፀሐይቱ ጉዳይ ግን ከበርበሬው ሁሉ ይበልጥብኛል። የገዛሁላት ጥበብ ሣጥኔ ውስጥ ነው። ለፋሲካ ልምጣ ወይ? ካልፈለግሽ በጆቴ አንድ ቃል ላኪብኝ፤ እቀራለሁ።

እህትሽ ሸዋወርቅ

*

መቂ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 1973 ዓ.ም.

ለእትዬ ሸዋወርቅ፣

እንደምን አለሽ?

አይሆንም የሚል ቃል ለጆቴ ሰጥቼው ነበር። መኪናው ከተነሣ በኋላ ሮጬ አስቆምኩትና መለስኩት። ለዚህ ነው በወረቀት የምጽፍልሽ።

ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። ልጁ ከአለም ጤና ሌላ ሴት እንዳጨ ሰምተናል። ፀሐይቱ አሁን ትናገራለች፤ ግን ስለዚያ አትናገርም። አክስትሽ ልትመጣ ነው ብዬ ብነግራት «ጥበቡን ለሌላ ትስጥ» አለችኝ። እንድታውቂው ነው የምጽፈው። ስትመጪ ከጓዳ ላትወጣልሽ ትችላለች፤ አታስገድጂያት።

ሱቁ ውስጥ የሚሆነውን ብትሰሚ አታምኚም። ሴቶቹ ያንን ቡናማ ወረቀት እያሳዩ «በላይነሽን ስጡን» ይላሉ። ጉተማ «የኅብረት በሉ! የግለሰብ ስም አይጠራም!» እያለ ይቆጣል። እሺ ይሉትና ሲወጡ በር ላይ እርስ በርሳቸው «በላይነሽ ገብቷል፣ ሳያልቅ ሂጂ» ይባባላሉ። አሰለፈችማ አሁን የምትገዛው በኪሎ ነው። እኔ ከጓሮ ሆኜ እሰማለሁ። ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላውቅም፤ ብቻ መቁላቱን ለአፍታ አቆማለሁ።

ቀበሌው የጠየቀሽን ሥሪ አልልሽም፣ ተዪም አልልሽም። ከሠራሽ ግን በሶብላውን አትቀንሺ።

ቂም ይዘሻል ብለሻል። ይዣለሁ። ፋሲካ ስለሆነ ብቻ አይለቀኝም። ቤቴ ስትገቢ ስሜ እንዳቅፍሽ አትጠብቂ፤ ነጋሳ ይቀበልሻል። ከደጄ ግን አልመልስሽም።

ዶሮው የሚሠራው በኅብረቱ በርበሬ ነው። ከበላሽ ነይ።

ተሻለች